የኔቪል አጭር ክብሪት

ኔቪል አምስት ዓመት ሙሉ ወይን ጠጅ አልቀመሰም።

በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ አራት ሰዎች ከአውስትራሊያዋ ከተማ ከበንበሪ ተነሥተው ወይን ወደሚበቅልበት ወደ ማርጋሬት ሪቨር ይወርዳሉ። ኔቪልና ሚስቱ ሎሬይን፣ የሎሬይን ታላቅ እህት ግሌኒስና ባሏ ክላይቭ። አራቱም ጡረታ የወጡ ናቸው። ከአንዱ የወይን እርሻ ወደ ሌላው እየዞሩ ሲቀምሱ ይውሉና ሳይመሽ ይመለሳሉ።

ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ትንፋሽ ይለካል። ስለዚህ ከአራቱ አንዱ አይጠጣም፤ እሱ ይነዳል። ማን እንደሚነዳ የሚለየው በክብሪት ነው። መሐል መንገድ ላይ ቡሰልተን ከተማ ሲደርሱ ዳቦ ቤቱ ደጅ መኪናውን ያቆማሉ። ግሌኒስ አራት የክብሪት እንጨት ታወጣለች፤ አንዱን ትሰብራለች፤ በጭብጧ ይዛ ጫፍ ጫፉን ብቻ ታሳያለች። አጭሩን የመዘዘ የዕለቱ ሾፌር ነው።

ቀድሞ የሚመዘው ኔቪል ነው፤ በዕድሜ እሱ ይበልጣል። ይመዛል፣ ይጨብጣል፣ ሰማዩን አንዴ ቀና ብሎ ያያል፣ እጁን ይከፍታል። አጭር ነው። ግሌኒስ የቀሩትን ሦስቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ትጥላለች። አጭሩ ከወጣ ወዲያ ሌላውን ማን ያያል።

«ምስኪን» ትለዋለች። «ውሃህን ይዘሃል አይደል?»

አንዴ ይሁን። ሁለቴም ይሁን። አምስተኛው ላይ ግን ነገሩ ለሎሬይን አልዋጥላት አለ።

«እያታለለችህ ነው» አለችው ባሏን፣ ለስድስተኛው ጉዞ ሳምንት ሲቀረው።

«ማን?»

«ማን ይለኛል እንዴ። እህቴ ናታ። ልጆች ሆነን ካርታ ስንጫወትም እንዲሁ ነበረች። አጭሩን በአውራ ጣቷ ወደ አንተ ትገፋዋለች። ያንተን ድርሻ ማን እንደሚጠጣው አላየህም?»

ይህስ እውነት ነው። በየመቅመሻው ለአራት ሰው ይቀዳል፤ የኔቪልን ብርጭቆ ግሌኒስ ታነሣዋለች።

«ውሃም ደግ ነው» አለ ኔቪል።

«አንተ ዝም በል። ሰባ ሁለት ዓመትህ ነው፤ ስንት መጋቢት ቀረህ? ዘንድሮ ክብሪቱን የምይዘው እኔ ነኝ። እኔ ይዤው አጭሩ ካልደረሰህ፣ አምስት ዓመት ስትጫወትብን ኖራለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እህት የለኝም።»

ሎሬይን ያለችውን ታደርጋለች። ከወንድሟ ሚስት ጋር በአንድ የኬክ መጋገሪያ ዕቃ ሰበብ ተጣልታ ሳትነጋገር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።



ቀኑ ደረሰ። ዳቦ ቤቱ ደጅ ቆሙ።

«ክብሪቱን ወዲህ በይው» አለች ሎሬይን።

ግሌኒስ ሳቀች። «ምነው፣ እጄ ላይ ምን አየሽበት?»

«አንድ ቀን እኔ ልያዝ ብዬ ነው።»

«ያዢዋ። ማንም ቢይዘው የባልሽ ዕድል እንደ ክላይቭ ፀጉር ነው።»

ክላይቭ መላጣውን አሻሸ።

ሎሬይን ጀርባዋን ሰጥታቸው ክብሪቶቹን አሰናዳች። ስትዞር አራት ጫፍ ከጭብጧ ብቅ ብሏል።

ኔቪል እጁን ከኪሱ አውጥቶ መዘዘ። ጨበጠ። ሰማዩን አየ። ከፈተ።

አጭር ነው።



«እንግዲህ» አለች ግሌኒስ፣ «ስታሚኝ የከረምሽው ለዚህ ነው? አሁንስ ማን ገፋው?»

ሎሬይን ባሏን አየችው። ኔቪል ጫማውን ያያል።

«የቀሩትን ልጣልልሽ» አለ ክላይቭ።

«ተወው» አለች ሎሬይንና ጭብጧን ሳትከፍት ሦስቱን ክብሪት ኮት ኪሷ ውስጥ ከተተች። ፊቷ ቀልቷል።

መጀመሪያ የገቡበት እርሻ ወይኑ ገና አልተለቀመም፤ ወፍ እንዳይበላው መረብ ለብሶ ቆሟል። የምትቀዳው ልጅ አራት ብርጭቆ ደረደረች።

«ሾፌሩ እርስዎ ነዎት?» አለችው ኔቪልን።

«ስድስተኛ ዓመቴ ነው። እስካሁን ደመወዝ አልተጨመረልኝም።»

ግሌኒስ እንደ ልማዷ ወደ ኔቪል ብርጭቆ እጇን ሰደደች። ሎሬይን ቀደመቻትና አንሥታ ጨለጠችው።

«ኧረ ጉድ» አለች ግሌኒስ። «ለባሏ ስትሟገት የከረመችው ለዚች ኖሯል።»

ሁለተኛውም እርሻ ላይ እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱ እህትማማቾች በረንዳ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ኔቪል ከቤቱ ውሻ ጋር ይጫወታል፤ ክላይቭ ስለ ወይን በርሜል ያልገባውን ይጠይቃል።

«ግሌኒስ።»

«እ።»

«ክፉ አስቤብሽ ነበር። በክብሪቱ።»

«ነቅቼብሻለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን አላነሣሽም።»

«ይቅር በይኝ።»

«ብያለሁ። በካርታው ግን አታልዬሻለሁ።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

ግሌኒስ ትከሻዋን አቀፈቻት። ከዚያ አራተኛም እርሻ ሄዱ።

ሲመለሱ ኔቪል አውራ ጎዳናውን ትቶ በባሕሩ ዳርቻ በያሊንጋፕ በኩል ዞረ። በየዓመቱ እንዲሁ ያደርጋል። ግማሽ ሰዓት ይጨምራል።

«ምነው፣ ዋናው መንገድ ተዘጋ?» አለ ክላይቭ።

«በዚህ ይሻላል» አለ ኔቪል። ሬዲዮውን አጠፋ።

ከኋላ ሎሬይን፣ በየዓመቱ መልስ ላይ እንደምታደርገው፣ መዝፈን ጀመረች። ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ከወጣች ወዲህ ቤቷ ውስጥ ስታንጎራጉር እንኳ የሰማት የለም። ሦስት አራት ብርጭቆ ካላገኘ ያ ድምፅ አይወጣም። ግሌኒስ እንቅልፍ ወስዷታል። ክላይቭ በጣቱ ጉልበቱን ይመታል። ከኋላቸው ስምንት መኪና ተሰልፏል፤ አንዱ ጥሩምባ ነፋ። ኔቪል አልፈጠነም።

ሎሬይን ዘፈኑ መሐል ላይ አቆመች። የባሏን ማጅራት እያየች ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረችለት፤ አሁን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ያን ጠዋት ሎሬይን ከአራቱ ክብሪት አንዱንም አልሰበረችም ነበር።