የረዘመችው ጠመንጃ

አናጢው መጋዙን በጠመንጃዋ ሰደፍ ላይ ሲያሳርፍ፣ ከሽማግሌ አባቱ ጋር የመጣው ጎልማሳ መዳፉን ከስሩ ሸጎጠ። "ቆይ! እንዳትነካት!" ከአያቱ የወረደችው ባለ ሁለት አፈሙዝ የቆቅ ማደኛ በብረት መቆንጠጫው፣ በሞርሳ፣ ተይዛ ነበር። የአባቱ ጉንጭ ሲያሻሸው የኖረው የሰደፏ ጎን ያብለጨልጫል።

"ረዝማብኛለች አልኩህ እኮ" አሉ አባቱ ከበርጩማቸው ሳይነሱ። "ክንዴ ተሰብስቧል። ስደግናት ምላጩ ይርቀኛል፤ እስክደርስበት ቆቁ ሰቆጣን ለቆ ይሄዳል።"

"አባየ፣ ቅርስ እኮ ናት። አንዴ ከተቆረጠች አትቀጠልም። ቆቅ ካማረዎት እኔ አድኜ አመጣልዎታለሁ።"

"መብላቱ መች አማረኝ?"

አናጢው አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ልጅየውን አየ። ጎልማሳው እጁን አላነሳም፤ እግሩ ግን አንድ ቦታ አልረጋ አለው።

"ባለፈው ሰንበት የሟች አጎትህን ጠመንጃ እንደ ወጉ ተሸክመህ ልቅሶው መሐል ስትዞር አይቼሃለሁ" አሉ አባቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይህችንም ሙሉዋን የፈለግሃት ለእኔ ልቅሶ ቀን ነው?"

እውነታቸውን ነበር። ያን ዕለት በልጅየው ትከሻ የአጎቱ ጠመንጃ፣ በሐሳቡ ግን ይህችው ነበረች። መዳፉን ከመጋዙ ስር አወጣና ሰደፉን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

"ቁረጠው" አለ።

ሽማግሌው ያጠረችውን ጠመንጃ ደገኑ። ጣታቸው ምላጩን አገኘው።

"ነገ እኔ እተኩሳለሁ" አሉ አንድ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። "አንተ የወደቀውን ትለቅማለህ።"