ድምፅ የሌለው ወሬ

ሽመና ክፍሉ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። ማሽኖቹ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያስገመግሙ የማሳቹሴትስ ሸማኔ ሴቶች በከንፈር ብቻ ማውራት ለምደዋል፤ ያለ ድምፅ፣ ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር። ስለ ባሎቻቸው ያወራሉ፣ ስለ አለቃው አፍንጫ ያወራሉ፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ስለ አድማ።

ደመወዛቸው ተቀንሶ ነበር። ፖላንዳዊቷ ሮዛሊያ አድማውን የምታስተባብረው እዚያው ሥራ ላይ፣ ጀርባዋን ለአለቃው ቢሮ ሰጥታ፣ በከንፈሯ ነው። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይመጣል? ግን እሺ ያለች ሴት ሁሉ በማግስቱ ትባረራለች። መጀመሪያ ብራይዲ፣ ከዚያ ሁለቱ እህትማማቾች። ወሬ አቀባይ አለች ማለት ነው።

ጥርጣሬው ዴልፊን ላይ ወደቀ። በቅርቡ ከካናዳ የመጣች ናት፤ ማሽኗም ወደ አለቃው ቢሮ በሚያወጣው ደረጃ ሥር ነው።

የአለቃው እናት በየቀኑ ለልጃቸው ምሳ ያመጡና ላይ ቢሮው፣ አዳራሹን ቁልቁል በሚያሳየው መስታወት አጠገብ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል። እሳቸው ሲያልፉ ሴቶቹ እጅ እየነሱ፣ «እንደምን አሉ እሜቴ ጉጉት፣ ዛሬም አልሞቱም?» ይሏቸዋል፣ በከንፈር። አሮጊቷ ፊታቸው አይፈታም። ፈገግ የሚሉት ለዴልፊን ብቻ ነው። አንድ ቀን እንዲያውም የተበጠሰ ክሯን እግረ መንገዳቸውን ቋጥረውላት አለፉ።

«አያችሁ?» አለች ሮዛሊያ። «የአለቃ እናት አሽከሯ ሆኑላት!»

ምሳ ሰዓት ላይ ዴልፊንን ውጭ በረዶው ውስጥ ከበቧት።

«ብራይዲን ለምን ሸጥሻት?»

«እኔ? ኧረ በማርያም! የከንፈር ወሬያችሁን እኮ ገና አልለመድኩትም። ‹ክር› እና ‹ዳቦ› ብቻ ነው የምለየው።»

«ወይ ማስመሰል! ታዲያ አንቺን ለምን አልነኩሽም?»

«እኔ ምን አውቄ። ሮዛሊያ፣ ባሌ ሳንባውን ታሞ ተኝቷል። ከዚህ ከወጣሁ ማን ይቀጥረኛል?»

«የብራይዲም ልጆች ይርባቸዋል እኮ!»

ከሰዓት በኋላ አንዷ የዴልፊንን ጨርቅ በመቀስ ተረተረችው። አለቃው ጨርቅ አበላሸሽ ብሎ ወዲያው አባረራት። እያለቀሰች በሩን ስታልፍ ደህና ሁኚ ያላት የለም። ጭካኔ ነበር፤ ግን ሁሉም ፈርተው ነበር።

በማግስቱ ሮዛሊያ ከስንት ጊዜ በኋላ በረጅሙ ተነፈሰች። ማሽኖቹ ሲያጓሩ ጠብቃ ጀርባዋን ከቢሮው መልሳ ወደ መላው አዳራሽ ዞረች።

«አሁን ቤታችን ጸዳ» አለች በከንፈሯ። «ሐሙስ የምሳው ፊሽካ ሲነፋ ማሽኖቹን እናቆማለን። የምትስማማ ፀጉሯን ትንካ።»

አንዷ ነካች። አጠገቧ ያለችው ነካች። ከዚያ ሁሉም፣ አንዲት ሳትቀር፣ እጃቸውን ወደ ፀጉራቸው ሰደዱ።

ላይ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ አሮጊቷ ሹራባቸውን አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከሮዛሊያ አፍ ሳይነቅሉ ለልጃቸው ቃል በቃል ይነግሩት ነበር።