የአሥራ አንድ ቀን እህት

የሆስፒታሉ መውጫ ወረቀት፣ ጋሽ ለገሰን እህታቸው በዛወርቅ ወደ ቤት ወስዳ ታስታምማቸዋለች ይላል። በዛወርቅ ደግሞ «እርስዎን የማውቅዎት ባሌ አጠገብዎ ከተኛ ወዲህ ነው፤ አሥራ አንድ ቀን» ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ ለእሳቸው ብቻ። አስታማሚ የሌለው አይወጣም ሲባል «እህታቸው ነኝ» ብላ የፈረመችው ግን ራሷ ናት። ቤቴ ይሻለኛል ብለው የለመኗትም እሳቸው ናቸው።

አሁን የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ መድኃኒታቸውን በፌስታል ቋጠረችላቸው።

«የእግርዎ ቁስል በየሁለት ቀኑ ይታጠባል። ፋሻውን ውሃ እንዳይነካው። ሲስተር ሔርሜላ ያለችውን ሰምተዋል፤ ካመረቀዘ እግሩ ይቆረጣል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰፈርዎ ማንኪራ ሲደርሱ መንገድ ላይ ማን ይቀበልዎታል?»

«ፍቃዱ።»

«ትናንት ተድላ ነበር ያሉኝ።»

ጋሽ ለገሰ ክራንቻቸውን አዩ። ቀፎ ሊሰቅሉ ከወጡበት ዛፍ ሲወድቁም ከሥር ገመድ የሚይዝላቸው አልነበረም። መንገደኛ እስኪያገኛቸው ግማሽ ቀን የጮኹት ለጫካው ነው።

«ሁለቱም ይመጣሉ» አሉ።

ወደ ሺሺንዳ የሚሄደው ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፋ። እሱም ዛሬ ከሆስፒታል የወጣው ባሏ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «በዛ! ወንድምሽን ሳሚና ነይ፣ መኪናው ሞልቷል!» እያለ ሳቀ።

«ከእኛ ጋር ይምጡ» አለች፣ አንዴ ባሏን አንዴ እሳቸውን እያየች።

«ሂጂ እቴ። አንድ በሽተኛ ይበቃሻል።»

ጉንጫቸውን ስማ ሮጠች። በእነዚያ ቀናት ለባሏ ከምታመጣው ሳህን ግማሹን ሳትጠይቅ ወደ እሳቸው አልጋ ታሻግር ነበር። ሚኒባሱ ከመታጠፊያው ሲሰወር እጃቸው ገና እንደተነሳ ነው።

«ፋዘር፣ የት ነው?» አለ ባለባጃጁ።

«ማንኪራ።»

እግራቸውን በሁለት እጁ ደግፎ አስገባቸው። «መንገዱ እስከሚያልቅ ነው የማደርስዎት፤ ቀሪው ጫካ ነው። ባጃጄ ዛፍ አትወጣም። ከዚያ ወዲያ የሚሸከምዎት ሰው አለ?»

ጋሽ ለገሰ ወንዙን፣ ዳገቱን፣ የተዘጋውን በራቸውን አሰቡ። ዝናቡ ጀመረ። አንዲት ጠብታ ከሸራው ጠርዝ አምልጣ ነጩ ፋሻ ላይ አረፈች። ፈጥነው በመዳፋቸው ሸፈኑት።

ልጁ ሞተሩን አስነሳ።

«አዙረው» አሉ። «ወደ ሆስፒታሉ ግቢ መልሰኝ። እህት የለኝም፣ የሚቀበለኝም የለም ብዬ ለሲስተር ሔርሜላ እነግራታለሁ።»