መጋረጃ የለበሰው ሥዕል

«ቀለሙን ፀሐይ እንዳይበላው መጋረጃ ስለሰፋሽለት እግዜር ይስጥሽ» አሉ አዛውንቱ ፕሮፌሰር፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ባለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የጥንት የዓረብ መጽሐፍ ገጽ እያዩ። ሠራተኛቸው ጽጌረዳ ግራ ገባት። መጋረጃውን የሰፋችው ጻድቅ ተገልጦ አይውልም ብላ ነበር። ገጹ ላይ የተሳለውን የጺማም ሰው ራስ ወርቅ ዞሮታል፤ ወርቅ የዞረበትን ደግሞ ማን ይጠረጥራል? ልጇን ወደ ሰው አገር የምታመጣበትን ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እየተሳለመች ስትለምነው ነበር ዓመቱን የከረመችው።

ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የተረት አጭበርባሪ ነው። እየሰበከ ሰው ያስለቅስና ኪሱን ያራቁተዋል። ያኔ ሠዓሊዎቹ ወርቁን ለሌባውም ለዳኛውም እኩል ነበር የሚያዞሩለት።»

ጽጌረዳ የመጋረጃውን ጫፍ እንደያዘች፣ ከወዲያ ሸሚዝ ወደምትተኩሰው ወደ ሥራ ጓደኛዋ ወደ ቅድሳን ዞረች። ቤይሩት አሥር ዓመት ሠርታ ዓረብኛ የምታነበው እሷ ነበረች። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብባ «የበረሃ አባት ናቸው» ያለቻት፣ መጋረጃው ሲሰፋም መርፌው ላይ ክር የሰካችላት እሷው ነበረች።

«እያወቅሽ ነው?» አለቻት።

ቅድሳን መተኮሷን አልተወችም። «አንቺዬ፣ ለፔርሜሶ ነገር ከጻድቅ እሱ ይሻላል ብዬ ነዋ።»