የሰሌኑ ለቅሶ

በጣሊያን ጊዜ ከከተማው ጥይት የሚወጣው በሬሳ ስም ነበር። ወንዶቹ ጥይቱን በሰሌን ጠቅልለው በቃሬዛ ይሸከሙታል፤ አንዲት እናት ከፊት ሆና ደረቷን እየደቃች ኬላውን ታሳልፈዋለች። ወታደሮቹ በሽታ ስለሚፈሩ ሬሳ ፈትተው አያዩም።

መጀመሪያ ላይ ለጥይት ማልቀስ አቃታት። እንባ እንቢ ሲላት ጫካ የገባውን አንድ ልጇን እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። ጎረቤቶቿ፣ "ኧረ ሟርት ነው፣ ተይ!" ሲሏት፣ "ጥይቱ የሚደርሰው ለእሱ አይደል?" ትላቸዋለች።

ዛሬም ኬላው ጋ ስትደርስ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ጮኸች።

"ተነሣ ደርበው፣ ምን እንቅልፍ ጣለህ፣
እናትህ መጣች፣ ስንቅህን ይዛልህ!"

የኬላው ወታደር ቆቡን አውልቆ አሳለፋቸው።

ከኬላው ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አርበኞቹ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ቃሬዛው ሲወርድ ግን እንደ ወትሮው ሰሌኑን ለመፍታት የተሻማ አልነበረም።

"ምን ትጠብቃላችሁ? ፍቱትና ተካፈሉት እንጂ!" አለች እየሳቀች።

የጎበዝ አለቃው ጠመንጃውን ዘቅዝቆ ይዞ ቀረበ።

"እናቴ፣ ዛሬ ሰሌኑ ውስጥ ያለው ጥይት አይደለም። ደርበው ትናንት ጥይት ሊወስድ ከተማ ገብቶ ተመታ። አስቀድመው ካወቁ እግርዎ ኬላውን አይሻገርም ብለን ነው መርዶውን ያቆየነው።"

እጇን ወደ ጉንጯ ሰደደች። ኬላው ላይ ያፈሰሰችው እንባ ገና አልደረቀም ነበር።