አዲሷ የእሳት ቀዳዳ

«እኔ ነኝ ወይስ ጠመንጃው? እውነቱን ንገሪኝ» አለ አባቴ፣ ጠመንጃውን ገና የሱቄ መቆንጠጫ ሞርሳ ላይ ሳላስረው።

«ቆይ እንጂ አባዬ! ሐኪም እንኳ መጀመሪያ ምላስህን አውጣ ይላል።»

አልሳቀም። ቅዳሜ የዒላማ ውድድር አለ። ባለፉት ሦስት ውድድሮች መጨረሻ ወጥቷል፤ ወንድሜም «አባባ አርጅቷል፣ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ይሰቀል» ብሎ ፈርዷል። አባቴ ግን ትናንት በስልክ «ጥፋቱ የኔ ከሆነ ራሴ እሰቅለዋለሁ» አለኝ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ቃሉን አያጥፍም። አንጀቴን የበላው ይህ ቃሉ ነው።

የማጽጃውን ዘንግ አፈሙዙ ውስጥ እስከ መጨረሻው ሰድጄ ባዶ መሆኑን አረጋገጥኩ። ባዶ ነው ብሎኝ ነበር፤ ግን ጠመንጃ ጠጋኝ አባቱንም አያምንም።

የባልጩት ጠመንጃ ነው፣ የድሮ። ባልጩቱ ብረቱን ሲመታ በጎን ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ያለው ባሩድ ይነዳል፤ እሳቱ በቱቦው ጎን በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ዘልቆ የውስጡን ባሩድ ያስነሳዋል። ሁለቱ አንድ ድምፅ ሆነው መሰማት አለባቸው። የአባቴ ጠመንጃ ግን «ቡፍ» ይልና፣ ትንሽ አስቦ፣ «ዷ» ይላል። በዚያ መሀል አባቴ ዓይኑን ይጨፍናል። ማንስ ቢሆን?

«ቀዳዳው ተበልቷል» አልኩት። «የክብሪት እንጨት ያስገባል። ደግሞ ከሳህኗ ጠርዝ ዝቅ ብሏል።»

«አላልኩሽም? ጠመንጃው ነው!»

«ይመስለኛል።»

ፊቱ በራ። አፌን በቆረጠው!

የቡሽንጎቼን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩ። ከሽምብራ የማይበልጡ፣ ውጪያቸው እንደ ብሎን ጥርስ ያለው፣ መሀላቸው የተበሳ ብረቶች ናቸው። የተበላው ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ይበሳና አንዷ ትታሰርበታለች። አባቴ የነሐሷን አነሳ።

«ይቺ ታምራለች።»

«ለጆሮ ጌጥ ከሆነ ውሰዳት። ነሐስ እሳት አይችልም፤ በዓመቱ ተመልሰህ ትመጣለህ።»

«ይቺ ትልቋስ?»

«ለእሷ የቱቦው ግድግዳ ሳስቷል።»

መካከለኛዋን፣ የማትዝገውን መረጥኩ። በውስጥ በኩል ሰፍታ ወደ ውጭ እየጠበበች ትመጣለች፤ ባሩዱ እስከ አፏ ድረስ ይጠጋል። ምልክቱን ከሳህኗ ጠርዝ ጋር አስተካክዬ በትራፓኖ በሳሁ። ከዚያ ዘይት ጠብ እያደረግኩ፣ ጥርስ ማውጫውን ግማሽ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደኋላ እያዞርኩ፣ የቀዳዳውን ጥርስ አወጣሁ። ቡሽንጓ ወደ ውስጥ እንዳታልፍ አሳጥሬ አሰርኳት፤ ውጪዋን በሊማ፣ ጥፍሬ ሲያልፍባት ምንም እስከማይዘው ድረስ ላግኋት።

ከሱቁ ጀርባ ወዳለው የአፈር ክምር ወጣን። አባቴ ባሩድና ጨርቅ ብቻ አጎረሰ፣ የእርሳስ ጥይት አልጨመረም። አነጣጠረ።

ቡፍ። ዷ።

በመሀሉ ዓይኑን ጨፈነ።

«በቃ» አለ። «ተጠግኖም ያው ነው፤ ጥፋቱ እኔ ነኝ።» ጠመንጃውን በሰደፉ በኩል ዘረጋልኝ። «ለወንድምሽ ደውዪለት። ሚስማር ያዘጋጅ።»

አፈርኩ። ተስፋ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ላይ ደግሞ እንከን አጣሁ።

«እንደገና አጉርሰው። እኔ እያየሁ።»

«ተይ ልጄ፣ አታባብዪኝ።»

«አጉርሰው አልኩ እኮ!»

ስቆጣ እሺ ይለኛል፤ ቁጣሽ የእናትሽ ነው ይላል። ሰደፉን መሬት አስደግፎ ባሩዱን በአፈሙዙ ጨመረ። እኔ ጎንበስ ብዬ አዲሷን ቀዳዳ አየሁ። ጥቋቁሩ ፍሬ ከውስጥ መጥቶ ጥርቅም አድርጎ ደፈናት፤ ጥቂቱም ሳህኗ ላይ ፈሰሰ።

ያኔ ገባኝ። የተደፈነ ቀዳዳ እሳት አያሳልፍም፤ እሳቱ ፍሬ በፍሬ እየበላ ነው የሚገባው፤ ለዚህ ነው የሚዘገየው።

«አባዬ፣ ላባው የታል?»

«የምን ላባ?»

«ስታጎርስ ባሩዱ እንዳይደፍነው ቀዳዳው ውስጥ የሚሰካው ነዋ!»

«እሱማ የእናትሽ ነገር ነበር» አለ። «ግራዬ ቆማ የዶሮ ላባ ታቀብለኛለች፣ እሰካለሁ፤ አጉርሼ ስጨርስ እነቅለዋለሁ። ለምን ስላት ‹ዝም ብለህ ሰካ› ትለኝ ነበር። እኔ አመሏ መስሎኝ...»

እናቴ የጠመንጃ ጠጋኝ ልጅ ነበረች፤ እኔም ሙያውን የወሰድኩት ከአባቷ ነው። ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሦስቱም ውድድሮች ከዚያ ወዲህ ናቸው።

ባሩዱን አስገለበጥኩት። ቀዳዳዋን በአየር ነፍቼ፣ በሩ ላይ ከተንጠለጠለው አቧራ ማራገፊያ አንድ ላባ ነቅዬ ሰካሁባት። እንደገና አጎረሰ። ላባውን ነቅሎ መሬት ጣለ፣ ሳህኗ ላይ ቆንጠር አድርጎ ባሩድ አደረገ፣ አነጣጠረ። እኔ ከኋላው ቆምኩ።

ዷ!

አንድ ድምፅ ብቻ። ዓይኑን ለመጨፈን ጊዜ አላገኘም።

«እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። «ወንድሜ ሚስማሩን ለራሱ ይምታው!»

አባቴ አልዞረም። ጭሱ ሲገፈፍ ሰደፉን መሬት አስደገፈና፣ ማን እንዳለ ሳያይ፣ ግራ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ፤ መዳፉ ተከፍቷል፣ ይጠብቃል።

ላባውን ከመሬት አነሳሁ። ዞሬ በግራው በኩል ቆምኩና አቀበልኩት።