ሰባተኛው አንቀጽ

«መምህር ሲሳሳት ተማሪውን ይቅርታ ይጠይቃል» የሚለው የትምህርት ቤቱ አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ሰባተኛ አንቀጽ ለድምፅ ሲነበብ፣ ከአንጋፋው የሒሳብ መምህር በስተቀር መምህራኑ ሁሉ ደግፈው እጃቸውን አወጡ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ወጣት መምህርት ቀና ብላ አንጋፋውን አየቻቸው። የድሮ አስተማሪዋ ነበሩ፤ ቁጣቸው ዛሬም ያስበረግጋታል። እሳቸው ግን ጠመኔያቸውን በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩና ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያኔ ተማሪዬ ሳለሽ በኳስ መስኮት ሰበርሽ ብዬ ፀሐይ ላይ አንበርክኬሽ ነበር። ኋላ ኳሱን ከአንድ ወንድ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ አገኘሁት። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አሉና እጃቸውን አወጡ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዝም ብትልስ ማን ያውቅባታል?

«ጋሼ... መስኮቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ኳሱንም እዚያ የደበቅኩት እኔው ነኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንጋፋው መምህር እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ምን ያደርጋል!» አሉ፣ «ማንበርከክን ቅድም በአንቀጽ ሦስት ከልክለናል!»